የተዘለለው አሚን

በከሚሴ መኪና የገዛ ሰው ጥቂት አይደለም፤ መኪና የገዛው ሰው ግን እንደ አንዋር ያለ አልታየም። አባቱ ካወረሱት የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ባገኘው ትርፍ ነጭ መኪና ከገዛ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ወንበሮቹ ግን ከፋብሪካ የወጡበትን ላስቲክ እስከ ዛሬ አላወለቁም። በጨፋ ሙቀት የተሳፋሪው ጀርባ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ የሚወጣውን ድምፅ አንዋር የክብር ድምፅ አድርጎ ይቆጥረዋል። የዕቃ መጫኛውን ስፍራ ውፈር ለሚባሉ ሁለት ግዙፍ የድምፅ ማጉያዎች ስለ ሰጠ፣ ዕቃ የሚያኖርበት አልቀረውም፤ ስለዚህ ሽንኩርት የገዛ እንደ ሆነ ሽንኩርቱ በኋላ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይሄዳል።

ከመኪናው ይልቅ የሚኮራው ግን የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ፍላሹ ነበር። «የራሴ ስብስብ ናት» ይላል፤ «ስምንት ሺህ የዘፈን ሥራ አለባት።» ይህን ለነዳጅ ቀጂው ነግሯል፤ ለጎሚስታው ነግሯል፤ አንድ ጊዜም በፍጥነት ነድተሃል ብሎ ላስቆመው ትራፊክ ፖሊስ ነግሯል። ስብስብ የሚባል ነገር ግን ሰብሳቢ ይፈልጋል፤ አንዋር ደግሞ መርጦ የሰበሰበው አንድም አልነበረም። ካገኘው ፍላሽ ሁሉ ወደ ራሱ ፍላሽ ይገለብጣል፤ ከገለበጠ በኋላ አይሰማውም። ከስምንቱ ሺህ አንዱን እንኳ ከመነሻው እስከ መድረሻው አድምጦ አያውቅም። ዘፋኙ አፉን ከፍቶ ትንፋሹን ሳይስብ የአንዋር ጣት ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ከሚቀጥለውም ወደሚቀጥለው። የከሚሴን ዋና መንገድ ከላይ እስከ ታች ሲነዳ የብዙ ሰው ድምፅ ይጀመራል፤ የአንዱም አያልቅም። በጎርፍ ዳር የቆመ ሰው ብዙ ውኃ አየ ይባል እንደ ሆነ እንጂ ጠጣ አይባልም።

ይህ ሰው የሐጂ ኑርሁሴንን ልጅ ፈይሩዝን ለጋብቻ ጠየቀ።

ሐጂ ኑርሁሴን ከከተማው ዳር፣ ወደ ጨፋ በሚያወርደው መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ እርሻቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከቤትና ከመስጊድ የማይርቁ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ነኢማ ልጅቱ ገና ፊደል ስትቆጥር ሞተችባቸው፤ ሌላም አላገቡ። ነኢማ ፎቶግራፍ መነሣት ትጠላ ስለ ነበር መልኳ በአንዲት የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብቻ ቀረ፤ ድምፅዋ ግን በምንም ላይ አልቀረም። ፈይሩዝ አድጋ፣ ተምራ፣ በመድኃኒት ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች በኋላ እንኳ የእናቷን ድምፅ ለማስታወስ ትሞክርና ይጠፋባታል። አንድ ቀን፣ «አባ፣ የእናቴ ድምፅ ምን ዓይነት ነበር?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ድምፅ በአፍ ይነገራል እንዴ ልጄ?» ብለው ተነሥተው ወጡ።

አንዋር የላካቸው ሽማግሌዎች አለቃ ሲራጅ ይባላል፤ የአንዋር የአክስቱ ባል ነው። ሽምግልናን እንደ ድለላ የያዘ፣ ለሁለቱም ወገን የሚምልና ከሁለቱም ወገን የሚበላ ሰው ነው። ሐጂ ኑርሁሴን ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ ‹አንቱ እዩትና ልየው› ብላኛለች። ሰው ደግሞ የሚታየው በመንገድ ነው። ሰኞ ለመስጊዱ ሰሌን ልገዛ ባቲ እወርዳለሁ፤ ልጁ ያድርሰኝ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቃሌን እሰጣችኋለሁ።»

ሲራጅ ከደጅ እንደ ወጣ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ሱቅ ሄደ።

«ስማ አንተ! ሐጂ መንዙማ ወዳድ ናቸው። ያንን የምታስጮኸውን ጉድ ሁሉ ቅበረውና መንዙማ ሙላበት።»

«ስንት ልሙላ?»

«እኔ ምን አውቄ! ባቲ የሚያደርስ፣ ከባቲም የሚመልስ ነዋ።»

የነቢዩን ውዳሴ እንደ ነዳጅ በርቀት የሚሰፍሩ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዋር በዚያው ቀን መናኸሪያው አጠገብ ፍላሽና ሚሞሪ ወደሚሞላው ወደ ኢርፋን ሱቅ ሄደ።

«መንዙማ አለህ?»

«አለ። ስንት ጊጋ?»

«ያለህን ሁሉ።»

ኢርፋንም ለባጃጁ፣ ለሚኒባሱና ለአይሱዙው ሁሉ የሚገለብጠውን ያንኑ ፎልደር ገለበጠለት። አንዱም ሌላውም ምን እንደ ተሸጠና ምን እንደ ተገዛ አልሰሙም። የሚገለብጠውን አንድ ባጃጅ ነጂ ተራውን ሲጠብቅ ቆሞ ያይ ነበር።

መንዙማ ግን በወሎ ምድር የሚያስጮኹት ሳይሆን የሚቀመጡለት ነገር ነው። መሪው ያወርዳል፤ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ድቤው ይመታል፤ መጨረሻው ዱአ ነው። ዱአው ሲጀመር መዳፍ ይዘረጋል፤ ከአሚን በፊትም የሚነሣ የለም። ያላወቀ ሕፃን ቢነሣ እንኳ በቀሚሱ ጫፍ ተጎትቶ ይቀመጣል። ከዱአ በፊት የተነሣ ሰው ከገበታ ሳይቀምስ እንደ ተነሣ ይቈጠራል፤ ያም ለባለቤቱ ስድብ ነው። ይህን በከሚሴ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ሰው ሆኖ ማደግ ይበቃል።

ሰኞ ጧት አንዋር መኪናውን አሳጥቦ መጣ። ሲራጅ የጫት እስሩን ታቅፎ ከኋላ ተቀምጧል። ሐጂ ኑርሁሴን ከፊት ገቡና መዳፋቸውን ዘርግተው የመንገዱን ዱአ ጀመሩ። ሲራጅ ጮክ ብሎ «አሚን! አሚን!» አለ። አንዋርም አለ፤ ያለው ግን ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ በግራው የድምፁን ቁልፍ እየዳበሰ ነበር። ፈይሩዝ አባቷን ለመሸኘት በሩ ላይ ቆማ ነበርና ይህን አየች።

እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም እስከ ባቲ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንዙማ እየተጀመረ ተጣለ። አንዋር ሐጂን ባሰማቸው ብዛት ሊያስደንቃቸው ስለ ፈለገ፣ አንዱ መሪ ገና «ያ…» ሲል ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ሲራጅ ደግሞ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት አድናቆቱን ያስቀድም ነበር።

«ማሻአላህ! ምን ዓይነት ድምፅ ነው!»

«ገና መች ተናገረና፣ አንተ?» አሉት ሐጂ።

«ትንፋሹ ያስታውቃል፣ ሐጂ!»

ሐጂ ኑርሁሴን ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ያንተ ነው?»

«የራሴ ስብስብ ነው። ስንት ዓመት የለፋሁበት!»

«ለምን አትተወውም ታዲያ፣ እንዲጨርስ?»

«የሚቀጥለው ይበልጣል፣ ሐጂ።»

በባቲ የቆላ ሰዎች ካመጡት ሰሌን ጥሩ ጥሩውን መርጠው ገዙ። የዕቃ መጫኛው ሲከፈት ግን ውፈሮቹ እንደ ሁለት የቤት ጌቶች ተጋድመው አገኟቸው። የተጠቀለለው ሰሌን በወንበሮቹ መካከል ባለው ክፍተት አልፎ ጫፉ የሲራጅን ጉንጭ እየወጋ ተጫነ።

«ሰሌኑ ከኔ እኩል ተሳፈረ እኮ!» አለ ሲራጅ።

«እሱ እንኳ ዝም ይላል» አሉ ሐጂ።

ሲመለሱ፣ ሐርቡ ከተማን አለፍ እንዳሉ፣ ከድምፅ ማጉያዎቹ መጀመሪያ የተሰማው የሰው ድምፅ ሳይሆን የዝናብ ድምፅ ነበር፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ። አንድ ሰው፣ «እስቲ ያባራ» አለ። ሌላው ሳቀ። ቀጥሎ ድቤው ተመታ፤ ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም፤ እንደ ተደፈነ ጆሮ ደነቆረ።

«ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ ሰሙት?» አለ አንዋር ደረቱን ነፍቶ። «ውፈሩ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በሌላ ሰው መኪና ይኸ አይሰማም።»

ድቤው የደነቆረው ቆዳው በእርጥበት ስለ ላላ ነበር። ሐጂ ኑርሁሴን ይህን ያውቁ ነበር፤ ያን ዕለት ድቤውን ወደ ምድጃው ወስደው ያሞቁት እርሳቸው ነበሩና። ቤቱ የራሳቸው ቤት ነው፤ ዝናቡ የሚመታው ቆርቆሮም ከአንዋር አባት ሱቅ የተገዛ የራሳቸው ቆርቆሮ ነው። ፈይሩዝ በተወለደችበት ዓመት ባደረጉት ሐድራ፣ መንዙማና ዱአ በሚደረግበት ስብሰባ ላይ፣ ከጨፋ ሮቢት የመጣ አንድ እንግዳ ቴፕ ይዞ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ነበር። ነኢማ ከሞተች በኋላ ያንን ካሴት ፍለጋ ጨፋ ሮቢት ድረስ ቢሄዱ፣ እንግዳው ሞቷል፣ ካሴቱም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባሉ፤ ያም ሰው ለሌላ ሰጥቷል ተባሉ። ተስፋ ከቈረጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። አሁን ግን ያ ዝናብ በዚህ ላስቲክ በለበሰ መኪና ውስጥ ይዘንባል። መንዙማው ሲያልቅ ሸሁ ዱአ ያደርጋሉ፤ በዱአውም መካከል ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ትናገራለች።

ሐጂ ኑርሁሴን የበሩን እጀታ ያዙ። «ይኸን… ከየት አገኘኸው?»

«እኔው ነኝ የቀዳሁት! በስልኬ። ከሸሁ እግር ሥር ቁጭ ብዬ።»

«ከሸሁ እግር ሥር?»

«ወላሂ!»

እኒያ ሸህ በከሚሴ አንድ ሰው እንኳ ስልክ በኪሱ ከመያዙ በፊት ዐርፈዋል። ሐጂ ይህን መናገር ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ ወደ ዱአው እየቀረበ ነበርና ውሸታሙን ከመርታት ይልቅ ማድመጥን መረጡ።

መንዙማው አለቀ። ድቤው ዝም አለ። ሸሁ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቃል በቃል እየመዘኑ ጀመሩ። ሐጂ ኑርሁሴን መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሲራጅም ጉንጩን እንደ ሞላ መዳፉን ዘረጋ።

«እዚህ ላይ ዘፈኑ አልቋል፤» አለ አንዋር፣ «የቀረው ወሬ ነው።» ጣቱንም ሰደደ።

የሌላ መሪ ድምፅ ከነድቤው መኪናውን ሞላው። የሐጂ ሁለት መዳፎች ግን በአየር ላይ እንደ ተዘረጉ ቀሩ።

«ኧረ አንተ ልጅ!» አለ ሲራጅ ትን እያለው። «መንዙማ በል እንጂ! ዘፈን ይላል እንዴ!»

«መልሰው» አሉ ሐጂ።

«ምን አሉኝ?»

«ዴቢሲ! መልሰው አልኩህ፣ መልሰው!» ሐጂ ኑርሁሴን እጅግ ሲጨንቃቸው ብቻ ነው ኦሮምኛው ከአማርኛው የሚቀድምባቸው።

አንዋር ወደ ኋላ የሚመልሰውን ተጫነ። ቴፑን ግን እንዳሻው እያቀላቀለ እንዲያጫውት አዝዞት ነበርና፣ የመጣው ሌላ መንዙማ ሆነ። ደገመ፤ የሠርግ ዘፈን ጮኸ። ሠለሰ፤ አንዲት ሴት ስለ ከዳት ወንድ አለቀሰች። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ስክሪኑን ይነካካ ጀመር። የሚኒባሶቹ ነፋስ በጎን እየመታቸው ያልፋል።

«ስሙ ማን ነው?» አሉ ሐጂ።

«የማን ስም?»

«የመንዙማው! ስብስቡ ያንተ አይደል? ራስህ የቀዳኸው አይደል? ስሙን ንገረውና ይምጣ።»

«ስማቸው… ሁሉም ቁጥር ነው፣ ሐጂ።»

«ልጁ ብዙ ስለ ቀዳ ነው!» አለ ሲራጅ ከሰሌኑ ጀርባ። «ብዙ ልጅ የወለደ አባት ስም ይሳሳት የለም እንዴ?»

አንዋር መቶ ቦታ ነካ፤ መቶ ጅምር ተሰማ። ዝናቡ ግን አልተመለሰም። ምንም ሳያውቅ የኖረ ሰው ባለማወቁ የሚያፍርበት ሰዓት ሲመጣ ለጋስ ይሆናል፤ አንዋርም ፍላሿን ነቀላትና በሁለት እጁ አቀረበ።

«ይውሰዷት ሐጂ! እኔ ለርስዎ ስስት የለኝም። የጥሎሹ፣ የመህሩ መጀመሪያ ትሁን!»

«ማሻአላህ! ልጅ ማለት ይኼ ነው!» አለ ሲራጅ።

የሐጂ እጅ ከልባቸው ቀድሞ ተቀበለ። እስከ ከሚሴ ድረስም በመዳፋቸው ጨብጠዋት ሄዱ።

ማታ፣ ፈይሩዝ ከሥራ ስትመለስ፣ አባቷ የሆነውን ሁሉ ነገሯት። እርስዋ ከሁሉ አንድ ቃል ብቻ ሰማች።

«የእናቴ ድምፅ? እዚህች ውስጥ?» እጅዋን ዘረጋች። «አባ፣ ይስጡኝ። ሬዲዮዬ ፍላሽ ይቀበላል።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«የመህር መጀመሪያ ብሎ ነው የሰጠኝ። የሰማናት ዕለት አንቺን ሰጠን ማለት ነው።»

ፈይሩዝ እጅዋን ሰበሰበች። ከዚያም፣ «አሚን አለ?» አለች።

«ማ?»

«አንዋር። ዱአው ሲጀመር።»

«‹ወሬ ነው› አለው።»

«ጧትም በአንድ እጁ ነበር። በሌላው ቴፑን ይነካካ ነበር፤ በሩ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በመንገድ ልየው ብለው ሲሄዱ!» አለች። «በደጅ አየሁት ብል ይሰሙኝ ነበር?»

ሐጂ ኑርሁሴን ሳቅም ኀዘንም በተቀላቀለበት ፊት አዩዋት። እርስዋ ግን ጥያቄዋን አልጨረሰችም።

«እናቴ ምን ብላ ነው የተናገረችው?»

«አንቺን አዝላ ነበር። ሸሁ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለዝናቡ፣ ለከብቱ ዱአ ሲያደርጉ ትሰማና፣ ‹ሸህዬ፣ ለዚች ለልጄም› አለች። እሳቸውም፣ ‹አላህ የሚታገሣት ሰው ይጻፍላት› አሉ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ጮኻ አሚን አለች። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀባት።»

ከሰኞ እስከ ዓርብ ፍላሿ በመሐረብ ተጠቅልላ በቁርኣኑ መደርደሪያ ጥግ ተቀመጠች። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ተነሥተው መሐረቡን ፈቱ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሰው ቋጠሩት። «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ብታወጣ የሞተችው ትናገራለች ተብሎ እንዲህ ያለ ፈተና የቀረበለት ሰው ብዙ አይደለም። የሐሙስ ዕለት ፈይሩዝ መሐረቡ በአባቷ ጭን ላይ ተፈትቶ አገኘችው።

«አባ፣» አለች፣ «የእናቴን ድምፅ ለመስማት ብዬ ድምፅዋን የቈረጠውን ሰው አላገባም። እሷስ ብትሆን ታፍርብኛለች።»

እርሳቸውም መሐረቡን መልሰው ቋጠሩት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ። አንዋር እንደ ወጉ አልገባም፤ ደጅ በመኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ዝም ብሎ መጠበቅን ግን አላህ አልጻፈለትምና የውፈሩ ድምፅ የቤቱን መስኮት ያንቀጠቅጥ ነበር። ሐጂ ኑርሁሴን መስኮቱን አዩና ተናገሩ።

«ልጄን አልሰጥም። የልጄን ዱአ እስከ አሚን ያልታገሠ ሰው ልጄን አይታገሣትም። ይህም የሰጠኝ ነው፤ መልሱለት።» መሐረቡን ፈትተው ፍላሿን አወጡ።

ሲራጅ የነገሩን ክብደት አልያዘም፤ የፍላሿን ዋጋ ግን ወዲያው ያዘ።

«ሐጂ፣ ኧረ ያስቡበት! ያ የፈለጉት መንዙማ እዚህች ውስጥ ነው። ልጁ ራሱ የቀዳው እኮ ነው! በዓለም ሌላ ቅጂ የለም። ዛሬ ከሰጧት ለዘላለም ጠፋች!»

የሐጂ ጣቶች በፍላሿ ላይ ጥቂት ቆዩ። ፈይሩዝ በጓዳው በር ጀርባ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ያንተ ያልሆነው የጠፋብህ እንደ ሆነ አልጠፋብህም» አሉና ከሲራጅ መዳፍ ላይ አኖሯት።

«መሐረቡስ?»

«መሐረቡ የኔ ነው።»

አንዋር ነገሩ እንደ ፈረሰ ሲነገረው በመጀመሪያ የጠየቀው፣ «ፍላሿን አበላሽተውብኝ ይሆን እንዴ?» ብሎ ነው። ሰክቶ ሞከራት፤ አንዱን ጀመረ፤ ወደሚቀጥለው ተሻገረ፤ ደኅና መሆንዋን ባረጋገጠ ጊዜ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ስለ ልጅቱ አልጠየቀም።

በማግስቱ ጧት ፈይሩዝ ወደ ሥራዋ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ መንዙማ ከፍቶ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን አታደምጠውም ነበር፤ ያን ቀን ግን አደመጠች፤ ጠየቀችም።

«ይኸን ከየት ነው የሞላኸው፣ ወንድሜ?»

«ኢርፋን ጋ ነዋ። የከሚሴ ሹፌር ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሞላው።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት?»

«አንድ ዓይነት! ያ ባለ ነጩ መኪና፣ አንዋር እንኳ፣ ባለፈው ‹ያለህን ሁሉ› ሲል ከኋላው ቆሜ ነበር። ያው ነው የተሰጠው። ሰው ግን ‹የራሴ ስብስብ› ሲል ትሰሚዋለሽ!»

«አዙርልኝ» አለች ፈይሩዝ፤ «ወደ መናኸሪያው።»

ኢርፋን ስለ ዝናቡ ስትጠይቀው ዐይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሣም። «እኅቴ፣ እኔ እገለብጣለሁ እንጂ አልሰማም። ሰው ሁሉ እየሰማ ከገለበጠ ሥራው መች ያልቃል?» በዚያ ከተማ አንድ ድምፅ ከቴፕ ወደ ቴፕ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከመኪና ወደ መኪና ሲዞር ኖሯል፤ በየመንገዱ ጮኋል፤ ያደመጠው ግን አልነበረም።

ወደ ቤት ስትመለስ ኢርፋን የሞላላትን አዲስ ፍላሽ ከአባቷ ፊት አኖረች።

«በማን ገንዘብ ነው?» አሉ።

«በደመወዜ።»

«ያ ነው?»

«ያው ነው። የሹፌር ሁሉ ነው፣ አባ። ሲራጅ ሌላ ቅጂ የለም ያለው የባጃጅ ሁሉ ነው።»

ሐጂ ኑርሁሴን ፍላሿን አንሥተው በመዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ከዚያም ሳቁ፤ ከመስጊድ መልስ የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም። «ቢስሚላህ በይና ክፈቺው።»

ሬዲዮዋን አምጥታ ሰካች። የመጀመሪያው መንዙማ ተጀመረ፤ ዝናብ አልነበረበትም። ፈይሩዝ ወደሚቀጥለው ልትሻገር እጅዋን ሰደደች።

«ተይው።»

«እሷ እዚህ የለችም እኮ፣ አባ። ቶሎ ቶሎ ብናልፍ…»

«ሰው ተቀምጦ አሚን ብሎበታል። በላዩ ተረማምደን ወደ እናትሽ አንሄድም። በተራዋ ትመጣለች።»

እንዲህም ሆነ። በየቀኑ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ ከሰሌኑ አንዱን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ መሪው ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ዱአው ሲመጣ ሁለቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ለማያውቁት ሰው ልጅ፣ ለማያውቁት ሰው ከብት፣ ከሞተም ለቈየ ሰው ጤና አሚን ይላሉ። መጀመሪያ ፈይሩዝ እየቸኰለች ነበር፤ በኋላ መቸኰሏን ረሳችው። አንዳንዱን መሪ በድምፁ ለየችው፤ አንዱን «ሳላቸው»፣ ሌላውን «ቀስ ባዩ» እያለች ስም አወጣችላቸው። አባትዋ፣ «ለደጋጎቹ ሰዎች ቅጽል ስም ታወጫለሽ?» ብለው ተቆጧት፤ በነጋታው ግን፣ «ዛሬ ቀስ ባዩ የለም እንዴ?» ሲሉ ተሰሙ።

በዚሁ ወራት አንዋር በየሱቁ ደጃፍ፣ «ሐጂ በስብስቤ ቀንተው ነው የከለከሉኝ» እያለ ያወራ ነበር። ሦስተኛ ውፈር ስላስገጠመ አሁን የኋላው ወንበርም ተይዟል፤ ሽንኩርቱ ከፊት፣ ከጎኑ፣ ለሚስት ታስቦ በነበረው ስፍራ ይቀመጣል። ሥራዎቹም ዐሥር ሺህ ደርሰዋል ይላል።

አንድ ቀን ሰማዩ ጥርት ባለ ከሰዓት በኋላ ፈይሩዝ የአባትዋን ጀለቢያ ትጠቅም ነበር። በድንገት ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ዝናብ የጣለ መስሏት ነበርና። ሐጂ ኑርሁሴን መቁጠሪያቸውን ከሰሌኑ ላይ አኖሩ። «እስቲ ያባራ» አለ ሰውዬው ከሬዲዮዋ ውስጥ። ድቤው ደንቁሮ ተመታ፤ ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ፤ ከምድጃ ሲመለስ ጠርቶ ጮኸ። አባትና ልጅ አልተያዩም። መንዙማው አለቀና ሸሁ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቃል በቃል እየመዘኑ ጀመሩ። መዳፎች ተዘረጉ። ለዘመድ ተባለ፤ አሚን። ለጎረቤት ተባለ፤ አሚን። ለዝናቡ፣ ለከብቱ።

«ሸህዬ፣ ለዚች ለልጄም!» አለች አንዲት ሴት ከመጋረጃ ጀርባ።

ፈይሩዝ ደነገጠች። የእናቷን ድምፅ ለማስታወስ ስትሞክር የኖረች ልጅ፣ ድምፁ በመጣ ጊዜ ራስዋ የተናገረች መሰላት።

«አላህ የሚታገሣት ሰው ይጻፍላት» አሉ ሸሁ።

«አሚን!» ብላ ነኢማ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ጮኸች፤ የተቀመጠውም ሰው ሳቀባት። በከሚሴ ዳር ባለው ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከእነዚያ ጋር ዘግይቶ ሳቀ፤ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ።

ፈይሩዝ እጅዋን ወደ ሬዲዮዋ ዘረጋች። «ልመልሰው፣ አባ?»

ሐጂ ኑርሁሴን መዳፋቸውን ሳያጥፉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቆዪ፣ ልጄ። ዱአው ገና አላለቀም።»